የተቀዱ የመንፈሳዊ ንቃት ውይይቶችን እንዴት ማዳመጥ ይገባል?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከመስከረም ጀምሮ ማታ ከሥራ ስወጣ በፍቅር ሐይቅ በኩል በእግሬ እየሄድሁ በስልኬ የተቀዱ ውይይቶችን አዳምጣለሁ። አወያዩ እንግዶቹን በየተራ «እንዴት ነቃችሁ?» እያለ ይጠይቃል፤ እነርሱም አንዱ በሐዘን፣ ሌላው በሕመም፣ አንዷ ደግሞ ሰሃን እያጠበች ሳለ በድንገት «እኔ» የሚሉት ነገር እንደ ጉም በንኖ ሰላም ብቻ እንደ ቀረ ይተርካሉ። ስሰማቸው ልቤ ይረጋል። ቤት ገብቼ ማዳመጫውን ሳወልቅ ግን በልጆቼ ላይ ያችው ቁጡ እናት ነኝ፤ ይባስ ብሎ የማታ ጸሎቴ ተጓድሏል። ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ነው። ችግሩ ከውይይቱ ነው ወይስ ከአደማመጤ?

ከታቦር ግርጌ፦
እኅቴ፣ በጽሑፍ የተያዘ ውይይት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ፊልክስዩስ ወንድሞች ስለ ግብፅ በረሓ አባቶች እየጠየቁ አረጋዊው የሚመልስበት መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ በአብነት ትምህርት ቤት መጻሕፍተ መነኮሳት፣ ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ጋር፣ ደቀ መዝሙሩ በመምህሩ ፊት ተቀምጦ ትርጓሜያቸውን የሚሰማቸው ናቸው፤ ያልገባውን ያነሣል፣ መምህሩም ጠባዩን ስለሚያውቅ በልኩ ይመልስለታል። በስልክሽ የምትሰሚው እንግዳ ግን የሚመልሰው ለአወያዩ ነው። የአንቺ ጥያቄ ቁጣ ነው፤ እርሱን ማንም አልጠየቀልሽም።

ደግሞም የቃሉን ምንጭ ለይተሽ ስሚ። «ቡድሃ» ማለት ራሱ «የነቃ» ማለት ነው፤ እንዲህ ያሉ እንግዶች «እኔ ጠፋ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ከዚያው ከህንድ በመጣ ቋንቋ ነው። በወንጌል ራሱን የሚክድ ሰው ግን መስቀሉን ተሸክሞ የሚከተለው አለ።

የወላይታ ልጅ፦
እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ። በእኛ ዘንድ «መነቃቃት» ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ጉባኤ እንጂ አንድ ሰው አይደለም። በ1929 ዓ.ም. የውጭ ሚስዮናውያን ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ጣልያን ተባሮ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን አማኙ በሺዎች ይቆጠር ነበር። ያን ጊዜ የተቀዳ ድምፅ አልነበረም፤ የሰማው ለጎረቤቱ እየነገረ፣ የታሰረውንም እየጠየቀ ነው የተስፋፋው። እርስዎም አንድ ክፍል ከሰሙ በኋላ ሌላውን ከመክፈትዎ በፊት የሰሙትን ለአንድ ሰው ቢያወሩት መልካም ይመስለኛል። ባለቤትዎም ይሁኑ፣ ቡና የሚያጣጧት ጎረቤት፤ ጥያቄ ያነሡብዎታል።

ነርስ ነኝ፦
አጭር ማሳሰቢያ ልጨምር። ከራስ የመለየት ስሜት ከእንቅልፍ እጦትና ከብርቱ ጭንቀትም ሊመጣ ስለሚችል፣ ከፍርሃት ጋር ተያይዞ ከተደጋገመ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲያ ያለ ስሜት እንኳ የለብኝም፤ እንቅልፌም ደኅና ነው። ትናንት ማዳመጫውን ቦርሳ ውስጥ ትቼ በሐይቁ ዳር ስሄድ፣ ጠዋት በትንሹ ልጄ ላይ የጮኽሁት ነገር እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፤ ለካ ስሸሸው የነበረው እርሱን ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን አነጋግራለሁ። እስከዚያው ቅጂዎቹን ከስልኬ ላጥፋቸው?

ከታቦር ግርጌ፦
ለምን ታጠፊያቸዋለሽ? ይቆዩ። ብቻ ጸሎትሽን ሳታደርሺ አትክፈቻቸው፤ ልጁንም ዛሬ ማታ ይቅርታ ጠይቂው።