ተማሪዎቼ ለሁሉም ጥያቄ "አዎ" አሉኝ፤ በራስ የሚመራ የእንግሊዝኛ ትምህርትን እንዴት ልለካ?

ጠያቂ፦ መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ
ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ጎን ለጎን የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን እየሠራሁ ነው። ርእሴ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሲማሩ ራሳቸውን እንዴት እንደሚመሩ ነው። ግብ ያወጣሉ ወይ? አጠናናቸውን ይከታተላሉ ወይ? አልገባ ሲላቸውስ ምን ያደርጋሉ?

የተጠቀምኩት እነ ፒንትሪች በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አዘጋጅተው መመሪያውን በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ኤምኤስኤልኪው የተባለ መጠይቅ ነው። ከ81 ጥያቄዎቹ የአጠናን ዘዴን የሚመለከቱትን 50 ወስጄ ወደ አማርኛ መለስኳቸው። ለሙከራ ስበትን ግን ልጆቹ ከ1 ("እኔን ፈጽሞ አይገልጸኝም") እስከ 7 ("በጣም ይገልጸኛል") ካለው መለኪያ 6ን እና 7ን እያከበቡ መለሱልኝ። ክፍል ውስጥ የማያቸው ልጆች እንዲህ አይደሉም። እገዛ ስለመጠየቅ ያሉት 4 ጥያቄዎች ደግሞ ክሮንባክ አልፋቸው፣ ማለትም ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየው ቁጥር፣ በጣም ዝቅ አለ። አማካሪዬ "አስተካክለሽ ነይ" ብለውኛል። ምኑን ላስተካክል? ተማሪ ልጨምር ወይስ መጠይቁን ልቀይር?

ቁጥር ወዳድ፣ ባሕር ዳር
እህቴ፣ ተማሪ አትጨምሪ። መቶ ልጅ ብትጨምሪ መቶ "7" ነው የምታገኚው።

መጀመሪያ መጠይቁን ማን እንደበተነው አስቢ። የራሳቸው መምህርት ቆማ እያየች "አላጠናም" ብሎ የሚጽፍ ልጅ የት ይገኛል? ሌላ ሰው ይበትንልሽ። ስም አይጻፍ፤ ውጤትም እንደማይነካ በግልጽ ይነገራቸው።

ሁለተኛ፣ ተገልብጠው የተጻፉትን፣ ማለትም ከፍተኛ ቁጥር ድክመትን የሚያሳይባቸውን ጥያቄዎች ከሌሎቹ ጋር እያስተያየሽ እያቸው። "ሲሰለቸኝ ያቀድኩትን ሳልጨርስ አቆማለሁ" የሚል አለ። "ባልወደውም ጠንክሬ እሠራለሁ" የሚልም አለ። ሁለቱም ላይ 7 ያከበበ ልጅ አላነበበውም፣ ወይም ትርጉሙ አልገባውም። እነዚህን ወረቀቶች ለይተሽ ቁጠሪ። ልጆች ጥያቄውን ሳያነቡ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቁጥር ሲያከብቡ አልፋ ያለቦታው ከፍ ሊል ስለሚችል፣ በቂ የሚባለውን 0.70 አለፈ ብለሽ አትመኚ።

ስለ እገዛው ክፍል ብዙ አትደንግጪ። በ1991ዱ መመሪያ ላይ እንኳ የዚህ ክፍል አልፋ 0.52 ነበር። እዚያ ውስጥ "ትምህርቱ ቢከብደኝም ማንንም ሳልጠይቅ ብቻዬን ለመሥራት እሞክራለሁ" የሚል ጥያቄ አለ። መጠይቁ ይህን እንደ ድክመት ይቆጥረዋል። እኛ አገር ግን ልጁ እንደ ጉብዝና ነው የሚያየው፣ ሲያድግም የተመሰገነው በዚያ ነው። በኮምፒውተር ስታስገቢው ነጥቡን መገልበጥሽንም (7ን 1፣ 6ን 2 እያልሽ) አረጋግጪ።

ጡረተኛ መምህር፣ ሞጣ
ቁጥሩን ወንድማችን ብሎታል። እኔ የልጆቹን ኑሮ ልበል።

ያ መጠይቅ የተዘጋጀው ለአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ነው። "ዘወትር የማጠናበት የተለየ ቦታ አለኝ" ይላል። ያንቺ ተማሪዎች ስንቶቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው ከተማ ቤት የተከራዩ ናቸው? ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ። እዚያው ያበስላሉ፣ እዚያው ይተኛሉ፣ እዚያው ያጠናሉ። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ አገር ቤት ይወርዳሉ። ለዚህ ልጅ ያ ጥያቄ የሚለካው የቤት ኪራይ አቅሙን ነው። ጓደኞቹ እስኪተኙ ጠብቆ የሚያነብ ወይም ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ልጅ ራሱን በሚገባ መርቷል፤ በመጠይቁ ግን 1 ወይም 2 ያገኛል። ስለዚህ "ለማጥናት የሚመቸኝን ቦታና ሰዓት ፈልጌ አገኛለሁ" ብለሽ አሻሽይው። ያሻሻልሽበትንም ምክንያት ጻፊ። ይህ የጽሑፍሽ ትልቁ አስተዋጽኦ ሊሆን ይችላል።

አብሮ ስለማጥናት የሚጠይቁት ሦስቱም እንዲሁ ናቸው። ልጆቹ አንድ ለአምስት ተደራጅተው የኖሩ ናቸው። "ከጓደኞቼ ጋር እሠራለሁ" ሲሉ በራሳቸው ፍላጎት ይሁን ትምህርት ቤቱ ስላደራጃቸው መለየት አለብሽ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ። ብዙዎቹ በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ተቋርጦባቸው ነበር። በዚያ ጊዜ እንግሊዝኛውን ማን ያዘ፣ ማን ተወ፣ የያዘውስ በምን ያዘው? መምህር በሌለበት ራስን መምራት ከዚህ በላይ የት ይታያል? እኔ ብሆን በዚህ ላይ አንድ ምዕራፍ እጽፍ ነበር።

ተመራማሪ፣ ዳንግላ
የጋሼን ሐሳብ በዘዴ ላግዘው። ዚመርማንና ማርቲኔዝ ፖንስ በ1986 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ልክ እንዳንቺው በ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ነው፤ 80 ልጆች ነበሩ። ምርጫ አልሰጧቸውም። "ለፈተና ስትዘጋጅ ምን ታደርጋለህ?"፣ "ቤት ስታጠናስ?" እያሉ በቃል ጠየቁና መልሱን በ14 የስልት ዓይነቶች መደቡት። ልጁ ያላደረገውን በራሱ ቃል ፈጥሮ መናገር ይከብደዋል፤ 7ን ማክበብ ግን ቀላል ነው።

መጠይቁን አትጣይው። ከመለሱት ውስጥ ጥቂት ጎበዝና ጥቂት ደካማ መርጠሽ በአማርኛ አነጋግሪያቸው። ለሁሉም የትምህርት ዓይነት በጅምላ ሳይሆን ስለ እንግሊዝኛ ብቻ ጠይቂ፤ ሒሳብ ላይ የሚተጋ ልጅ እንግሊዝኛን ሊሸሽ ይችላል። ትርጉሙንም ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልስልሽና ከዋናው ጋር አስተያዪው።

ጠያቂ፦ መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጋሼ፣ የቦታውን ጥያቄ ዛሬውኑ አሻሽለዋለሁ። አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። ከአብነት ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች አሉኝ። ቃላትንና አንቀጽን በቃላቸው ይይዛሉ። መጽሐፎቹ ደግሞ በቃል መያዝን ዝቅተኛ ስልት ይሉታል። እንዴት ልያዘው?

ጡረተኛ መምህር፣ ሞጣ
ልጄ፣ የዋሸራና የዲማ አገር ላይ ሆነሽ ይህን ማንሳትሽ ደስ አሰኝቶኛል። የቅኔ ተማሪ በቃል ይይዛል፤ ግን እዚያ አያቆምም። በተማረው መንገድ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ያቀርባል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይሞክራል። ዕቅድ፣ ሥራና ራስን መገምገም ከሚሏቸው የዚመርማን ሦስት ደረጃዎች ጋር ይገጥማል። ስለዚህ "በቃልህ ትይዛለህ?" ብለሽ አታቁሚ። "ከያዝከው በኋላ ምን ታደርግበታለህ?" በይው። በያዘው ቃል የራሱን ዓረፍተ ነገር የሚሠራና ዝም ብሎ የሚደግም ልጅ እዚያ ላይ ይለያያሉ።

ተመራማሪ፣ ዳንግላ
ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልግሻል። ቅጹን ስንቅ ሊያመጡ ሲሄዱ ይውሰዱትና ሰኞ ይመልሱልሽ። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ልጁ የሚያነብላቸው አጭር የአማርኛ ማብራሪያ አያይዢበት። ለቃለ መጠይቁ ዓርብ ከሰዓትን አትያዢ፣ ልባቸው መንገድ ላይ ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሻላል።