ወርቅማው ሽፋን ብረቱን አጥብቆ መያዙን በምን ልወቅ?

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቶርኖ ቤት አለኝ። ላሜራ መብሻ ስድስት ፓንች ገዛሁ፤ ሽፋናቸው ቲታኒየም ናይትራይድ ነው፣ ውፍረቱ 3 ማይክሮን ተብሏል። አንዱ በሁለተኛው ቀን ጫፉ ተላጠ። የቀሩት አምስቱ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በኃይል ነቀልኩት፤ ምንም አልተነሳም። ደህና ናቸው ማለት ነው? ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።

መልስ፣ ደሴ፦
አብሽር ወንድሜ። ፕላስተሩን ግን እርሳው፣ እሱ ለቀለም ነው። እንዲህ ያለውን ሽፋን በኢፖክሲ አጣብቀህ ብትስበው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው ኢፖክሲው ነው። የሮክዌል ማሽን፣ ማለት የብረት ጥንካሬ መለኪያ፣ ያለው ሰው ፈልግ። በሲ መለኪያ፣ በ150 ኪሎ ጭነት የአልማዙን ሾጣጣ ተጫንበት። ከዚያ የጉድጓዱን ዙሪያ 100 እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ እይ። እንደ ፀሐይ ጨረር የወጡ ቀጫጭን ስንጥቆች ብቻ ከሆኑ አትስጋ። ዙሪያውን ተገሽልጦ ብረቱ ከታየ ግን አይሆንም። የሽፋኑ አያያዝ ደረጃ ኤችኤፍ ይባላል፣ ከ1 እስከ 6 ነው፤ እስከ 4 ያልፋል። አንዱን ለሙከራ ሠዋው።

መልስ፣ ወልዲያ፦
የጭረት ሙከራም አለ። ጫፉ 0.2 ሚሊሜትር ራዲየስ ያለው አልማዝ ጭነቱ እየጨመረ ይጎተታል፤ ሽፋኑ የለቀቀበት ጭነት በኒውተን ይያዛል። ግን ጠንካራ ብረትም ወፍራም ሽፋንም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ብረታቸውና ውፍረታቸው አንድ ካልሆነ አታወዳድር። ለአንተ ሮክዌሉ ይበቃል።

መልስ፣ ሐይቅ፦
ልጄ፣ ከሽፋኑ በፊት ብረቱን ጠርጥር። ብረቱ ለስላሳ ከሆነ ሲሰረጉድ ሽፋኑ አብሮት መታጠፍ አይችልም፣ ይሰበራል። ያው ማሽን ይህንንም ይነግርሃል። የጥንካሬው ንባብ 60 ከሆነ አልማዙ 80 ማይክሮን ያህል ገብቷል፤ 3 ማይክሮን ሽፋን ንባቡን አይለውጠውም። ከ54 በታች ካነበበ ግን ስንጥቁን አይተህ በሽፋኑ ላይ አትፍረድ።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ! ዛሬ አስለካሁ። የተላጠው 47 አነበበ። ከአምስቱ አንዱ 61፣ ዙሪያውም ቀጫጭን ስንጥቅ ብቻ ነው። የቀሩትን አራቱን ሳላበላሽ እንዴት ልለካ?

መልስ፣ ሐይቅ፦
ከሚቆርጠው ጫፍ ራቅ ብለህ አካሉ ላይ ለካ። ጭንቅላቱን ተው፤ ምት እንዲችል ሆን ተብሎ የሚለሰልስ አለ። አካሉ ክብ ከሆነ ንባቡ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ማስተካከያውን ጨምርበት። 60 አካባቢ ያነበበውን ዛሬውኑ ሥራ ላይ አውለው። ዝቅ ያለውን ከተላጠው ጋር ለሻጩ መልስ፣ ንባቡንም ጽፈህ አያይዝለት።