ሞገደኛ ከተማ፦ ስለ ወጀብ፣ ስለ ምትሐትና ስለ «ፊት ነሳኝ»

ጥያቄ

ሰላም ወገኖች። የቃል ችግር ይዤ መጥቻለሁ። አንድ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚሆነው ባሕር ዳርቻ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ማዕበል አይለያትም። ሰዎቿ እንግዳ አይወዱም። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ከውኃው የሚወጣ አንድ ነገር አለ። ሦስት ምዕራፍ ጨርሻለሁ። ደግሜ ሳነበው ግን አማርኛው የተተረጎመ ይመስላል።

ማዕበል፣ ሞገድ፣ ወጀብ፣ ዐውሎ ነፋስ እያልኩ አቀያይራለሁ፤ ልዩነታቸው ግን አልጠራልኝም። ከውኃው የሚወጣውን ነገር ምን እንደምለውም ጨንቆኛል። «መንፈስ» ስለው ስብከት ይመስላል። «ጭራቅ» ስለው የልጆች ተረት ይሆንብኛል። የከተማዋ ሰዎች ደግሞ አይሳደቡም፣ አይማቱም። ሰው ሲመጣባቸው ዝም ብለው ዞር ይላሉ። ለዚህ ምን እንላለን? «ደሜ ቀዘቀዘ» ብዬም ጽፌያለሁ፤ ለራሴም አልጣመኝ።

መልስ

እህቴ፣ ከወጀቡ ልጀምር። ሞገድ አንድ አንዱ ነው። ይነሳል፣ ይጎብጣል፣ ዐለት ላይ ይላተማል፣ ይበተናል። ቁጭ ብለሽ ልትቆጥሪው ትችያለሽ። ማዕበል ግን ባሕሩ በሙሉ ሲናወጥ ነው፤ አይቆጠርም። ወጀብ ዝናብ ያዘለ ኃይለኛ ነፋስ ነው፤ የብስ ላይም ይመጣል። ዐውሎ ነፋስ በትክክል ሲባል የሚሽከረከረው ነው፤ በልማድ ግን ለማንኛውም ብርቱ ነፋስ እንለዋለን። ስለዚህ ባለታሪክሽ ጀልባ ላይ ካለች ማዕበል፣ መንገድ ላይ ካለች ወጀብ ያግኛት።

መርከበኞች ለነፋስ ቁጥር አላቸው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት በ1805 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ ከ0 እስከ 12 ይሄዳል። በዛሬው ስሌት 10ኛው ደረጃ በሰዓት ከ89 እስከ 102 ኪሎ ሜትር ነው፤ 12ኛው ከ118 ይጀምራል። ቁጥሩ ለልቦለድሽ አያስፈልግም። መሰላሉ ግን ያስፈልጋል። አማርኛ ይህን መሰላል በግሥ ነው የሚሠራው። ነፋሱ መጀመሪያ ሽው ይላል። ቀጥሎ ያፏጫል። ከዚያ ያጓራል። አንዴ «አጓራ» ካልሽ በኋላ ወዲያው ወደ «ሽው አለ» ከተመለስሽ፣ አንባቢ ወጀቡ የበረደ ይመስለዋል።

ውሽንፍርንም አትርሺ። ዶፍ ከላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ውሽንፍር ነፋስ እየገፋው በጎን የሚመጣ ዝናብ ነው። ጣሪያ ሥር ቆመሽም የሚያበሰብስሽ እሱ ነው። በር ስትከፍት ፊቷን የሚመታት ውሽንፍር እንጂ ዶፍ አይደለም።

ባሕሩ መንገድ ላይ ሲወጣ ደግሞ አደራ «ጎርፍ» እንዳትዪ። ጎርፍ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። በወጀብ ጊዜ ባሕር የሚያብጠው በሌላ ምክንያት ነው። ነፋሱ ውኃውን ወደ ዳር ይገፋዋል። የአየር ግፊትም ሲቀንስ፣ በየ1 ሄክቶፓስካሉ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ውኃው 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እኔ ለዚህ «ገነፈለ» የሚለውን እመርጣለሁ። ወተት ይገነፍላል። ቁጣ ይገነፍላል። ባሕሩም ከታች አብጦ ከአፉ ሲያልፍ እንደዚያው ነው።

ሌላ መልስ

«መንፈስ»ን ቶሎ አትጣይው። ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፣ መተንፈስ፤ አራቱም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ዕብራይስጥም «ሩዋሕ» ሲል ነፋስም መንፈስም ማለቱ ነው። ወጀብና ሙት በአንድ ላይ ለሚመጡበት ታሪክ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ይህን እዪልኝ፦ «መስኮቱ ዝግ ነው። ከጀርባዬ አንድ ነገር ተነፈሰ።» «ነፈሰ» ቢሆን ኖሮ በሆነ ስንጥቅ የገባ አየር ነው። አንዲት «ተ» ስትጨመርበት ነፋሱ ሳንባ አወጣ። ጭራቅ መጥራት ሳያስፈልግሽ አንባቢሽ ዞር ብሎ ያያል።

ሌላው «ምትሐት» ነው። በወንጌል ደቀ መዛሙርቱ በሌሊት፣ በማዕበል መካከል ሳሉ ኢየሱስ በውኃ ላይ ሲሄድ ያዩታል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ምትሐት ነው» አሉ ይለናል። ሌሊት፣ ማዕበል፣ በውኃ ላይ የሚራመድ ነገር፤ ያንቺው ትዕይንት ነው። ቃሉ ያየሁት ነገር አለ ወይስ የለም የሚለውን ጥርጣሬ ውስጡ ይዟል። ችግሩ ዛሬ ጎበዝ ኳስ ተጫዋችንም «ምትሐተኛ» እንላለን። ፍርሃቱ ሳስቷል። ስለዚህ ሽማግሌ ባለታሪክ ካለሽ በእሱ አፍ አስገቢው፤ ተራኪዋ አትበለው።

«ጣረ ሞት» የሚሉም አሉ። ጣር ግን የሚሞት ሰው ትግል ነው። እኔ ሞቶ ለተመለሰ ሳይሆን፣ መልኩ አመድ ለመሰለ ሕያው ሰው አቆየዋለሁ።

የከተማዋ ሰዎች ግን ከእነዚህ ስሞች በአንዱም ባይጠሩት ይሻላል። እኛ የምንፈራውን ነገር «ስሙን ቄስ ይጥራው» ብለን እናልፋለን። በከተማሽ ቄስ ባይኖርም ልማዱን መውሰድ ይቻላል። «ያ ነገር ዛሬ ይወጣል» ይበሉ። ይበቃል።

አጭር አስተያየት

«ለከፈ»ን ረሳችሁት። መንፈስ ሰውን አልፎ ሂያጅ ሆኖ ሲነካው ለከፈው ይባላል። ልክፍትም ከዚያ ነው የመጣው። ዛሬ ወጣቱ መንገድ ላይ ሴት መተናኮል ብሎ ነው የሚረዳው፤ ቢሆንም ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር አለ። የተነካው ሰው አልጠራም፣ አልፈለገም። በመንገዱ ሲሄድ ነው የደረሰበት።

ሌላ መልስ

እኔ በሰዎቹ ላይ ላተኩር። የፈለግሽው «ፊት ነሱኝ» ነው። «ነሳ» እዚህ ላይ ከለከለ ማለት ነው። የሚገባሽን ፊት ከለከሉሽ። ይኸው ግሥ «እንቅልፍ ነሳኝ» ውስጥም አለ። ከተማዋ ቀን ፊት፣ ሌሊት እንቅልፍ ትንሳት። በአንድ ግሥ ሰዎቹንና ያንን ነገር አሰርሻቸው ማለት ነው። «እጅ ነሳ» ግን ሌላ ነው፤ አክብሮ ሰላም ማለት ነው፤ እንዳይምታታብሽ።

እንግዳዋን የሚጠሩበትንም ምረጪ። «ባዳ» ዘመድ ያልሆነ ነው። «መጤ» ውስጥ ንቀት አለ። «ጸጉረ ልውጥ» ውስጥ ጥርጣሬ አለ፤ ሲሰሙት ሰው በመጋረጃ ቀዳዳ የሚያይሽ ይመስልሻል። «ባይተዋር» የሚለውን ግን እነሱ አይሏትም። እሱ ከውስጧ የሚወጣ ቃል ነው፤ ብቸኝነቷን የምትናገርበት።

ከተማዋን በአንድ ቃል ልበላት ካልሽ «ሞገደኛ» አለልሽ። ሞገደኛ የምንለው አስቸጋሪ፣ እልኸኛ፣ የማይገራ ሰው ነው። ሞገድ ውስጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባሕሩንም ሰዎቹንም የሚይዝ ሌላ ቃል አላውቅም። ርዕስ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ስለ «ደሜ ቀዘቀዘ»፦ ድንገት ከሆነ «ክው አልኩ»። ቀስ ብሎ በቆዳ ላይ የሚሄድ ፍርሃት ከሆነ «ውርር አደረገኝ»። የተበላሸ አካል ስታይ «ዘገነነኝ»። ምንም ሳይታይ ቤቱ ራሱ ደስ ካላለሽ «ቀፈፈኝ»። ጸጥታውንም ለዪው። ጭር የሚለው ሰው የሌለበት ቦታ ነው። እረጭ የሚለው ግን ድምፅ ነበረ፤ ድንገት ጠፋ።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ርዕሱን ወስጄዋለሁ። ዛሬ አንድ አንቀጽ እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፦

«ወጀቡ ሲመሽ ተነሳ። መጀመሪያ ሽው ሽው ይል ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ያጓራ ጀመር። ቀን ፊት የነሳኝ ከተማ ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ባሕሩ ገንፍሎ እስከ ደጃፉ ደርሷል። ተነስቼ መስኮቱን አየሁ። ዝግ ነው። ድንገት ሁሉ ነገር እረጭ አለ። ከጀርባዬ አንድ ነገር ተነፈሰ። ክው አልኩ። ከዚያ የታችኛው በር የሚያስፈራ ድምፅ አሰማ።»

መልስ

ግሩም ነው። «የሚያስፈራ ድምፅ አሰማ» የሚለውን ብቻ አውጪልኝ። በሩ ሲጥ ይበል።