አስቸኳይ! ከቤዙ ኖታ ስር ያሉት ቁጥሮች ምንድን ናቸው? ቅዳሜ ልጫወተው ነው

ባለኪቦርድ ለንደን
ሐሙስ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰላምታዬ አጠረ፣ ይቅርታ፣ ጊዜ የለኝም።

ቅዳሜ 5 ሰዓት የመታሰቢያ ጸሎት አለ። ሟቿ እንግሊዛዊት እናት ናቸው። ከአገር ቤት ለመጣን ሰዎች ለዓመታት በነጻ እንግሊዝኛ አስተምረውናል። ስሞት ይዘመርልኝ ብለው የተዉት መዝሙር አለ። የሞሪስ ግሪን ነው፣ ፍጻሜዬን አስታውቀኝ የሚለው፣ መዝሙር 39። ኦርጋን የሚጫወቱት ሰውዬ ትናንት ሆስፒታል ገቡ። ዕዳው እኔ ላይ ወደቀ።

ዛሬ የላኩልኝ ኖታ በፈረንጆች የ1743 እትም ስካን ነው። የቁጥር ስህተት አይደለም፣ አንድ ሺህ ሰባት መቶ አርባ ሦስት። ለኦርጋን ያለው የግራ እጅ መስመር፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ ቤዙ ብቻ ነው። ቀኝ እጅ የለም! ከቤዙ ስር ግን ቁጥር ተበትኗል። 6፣ 7፣ 4 3፣ አንዳንዴ 6 ከላይ 5 ከታች፣ አንዳንዴ ሻርፕ (ኖታውን ግማሽ ድምፅ ከፍ የሚያደርገው ምልክት) ብቻውን። እኔም ቸርች እንደለመድነው 6 ሲል ስድስተኛውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች)፣ 4 ሲል አራተኛውን መታሁ። ጎረቤቴ ግድግዳ ደበደበብኝ።

ምን ላድርግ?

ናቲ ቤዝ

ወንድሜ አይዞህ። ቁጥሩ የኮርድ ቁጥር ነው። 1 5 6 4 እንደምንለው። ኪውን፣ መዝሙሩ የቆመበትን ድምፅ ፈልግ፣ ከዚያ ቁጠር፣ አለቀ።

ባለኪቦርድ ለንደን

እህትህ ነኝ። ደግሞ ያልከውን አድርጌ እኮ ነው ጎረቤት ያስነሳሁት።

ዝምታ ወርቅ

5 ሰዓት በእኛ ነው በእነሱ? በእነሱ ከሆነ ስድስት ሰዓት ትርፍ የመለማመጃ ጊዜ አለሽ።

ባለኪቦርድ ለንደን

በእኛ። ትርፍ የለኝም።

ጋሽ አንባቢ

ልጆች፣ መጀመሪያ የማንን ሥራ እንደያዛችሁ እወቁ።

ሞሪስ ግሪን በ1696 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ቄስ ነበሩ። በልጅነቱ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ዘማሪ ነበር። ኋላም የካቴድራሉ ኦርጋኒስት ሪቻርድ ብራይንድ ዘንድ ተማረ። ብራይንድ በ1718 ሲሞት ተማሪው በቦታው ተተካ። ያኔ 22 ዓመት እንኳ አልሞላውም። በ1727 ለንጉሡ ጸሎት ቤት ኦርጋኒስትና አቀናባሪ ሆነ። በ1730 ኬምብሪጅ ላይ ዶክተር ተባለ፣ የሙዚቃ ፕሮፌሰርነቱንም ያዘ። በ1735 የንጉሡ ሙዚቀኞች አለቃ ሆነ። አርባ ዓመት ሳይሞላው በአገሩ ያለውን ትልልቅ የሙዚቃ ወንበር ጠቅልሎ ያዘ ማለት ነው።

አንቺ የያዝሽው በ1743 በሁለት ቅጽ ካሳተማቸው 40 መዝሙሮች አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ከእናታቸው ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር ነግሠው ነበር። ግሪንም ኢያሱም የሞቱት በ1755 ነው። አይገርምም?

ዝምታ ወርቅ

ይገርማል ጋሼ። ቁጥሩስ?

ጋሽ አንባቢ

እመጣበታለሁ።

የመሪጌታ ልጅ

እህቴ፣ መዝሙር 39 ስትይ ዳዊቴን ገለጥኩ። ያገኘሁት ግን ደጅ ስለ መጥናት የሚለውን ነው። አንቺ የምትይው በግዕዙ አቆጣጠር 38 ነው። የጸሎቱን ወረቀት ለሐበሻውም የምታትሙ ከሆነ ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ። አለዚያ ዳዊት ይዘው የሚመጡ እናቶች ሌላ ገጽ ላይ ይቀራሉ።

የኦርጋን ነገር አላውቅም። ግን እኛ ዘንድ ከቃሉ በላይ የሚጻፍ የዜማ ምልክት አለ። አንድ ሁለት ፊደል ናት። ላልተማረ ሰው ምንም አትነግረውም። የተማረ ግን ከእሷ ሙሉውን ዜማ ያወጣል። የእናንተም ቁጥር እንደዚያ ይመስለኛል። ሰውየው ቀኝ እጁን ያልጻፈው ረስቶ አይደለም። የሚጫወተው ሰው ያውቀዋል ብሎ ነው።

ናቲ ቤዝ

ስድስተኛ ኮርድ ማለት ነው ስል። ኪውን ተሳስተሽ ይሆናል፣ ደግመሽ እዪ።

ሶልፌጅ

ናቲ፣ ተው። የመሪጌታ ልጅ ነው ልክ።

እህት፣ ቁጥሩ የሚቆጠረው ከኪው አይደለም። እዚያው ካለው የቤዝ ኖታ ነው። ቤዙን ራሱን 1 በይና ወደ ላይ ቁጠሪ።

ምንም ቁጥር ከሌለ 3ኛውንና 5ኛውን ጨምሪ፤ ተራ ኮርድ ነው። 6 ብቻ ካለ 3ኛውና 6ኛው ነው። ምሳሌ፦ አንድ ሻርፕ ባለው ኪ ቤዙ ቢ ሆኖ ስሩ 6 ቢኖር፣ ዲ እና ጂ ትጨምሪያለሽ። ምን ሆነ? ጂ ማጀር፣ ቢ ከታች ያለበት። እዚያው ቢ ስር 6 እና 4 ተደርበው ቢመጡ ኢ እና ጂ ትጨምሪያለሽ። ኢ ማይነር ሆነ፣ አሁንም ቢ ከታች። 7 ካለ 3ኛ፣ 5ኛ እና 7ኛ ነው። 6 ከላይ 5 ከታች ከሆነ 3ኛውንም አስገቢበት።

ብቻውን የቆመ ሻርፕ የሚናገረው ስለ 3ኛው ነው። ቢ ስር ሻርፕ ካየሽ ዲው ዲ ሻርፕ ይሆናል። ቢ ማጀር መጣልሽ።

4 3 ደግሞ ሁለት የተለያየ ኮርድ አይደለም። በአንድ ቤዝ ላይ 4ኛውን ያዢና ወደ 3ኛው አውርጂው። አትቸኩይበት። በዚህ ዓይነት ሙዚቃ ሆድ የሚያባባው እሱ ነው።

ለቀኝ እጅሽ ሦስት ድምፅ ይበቃል። ከኮርድ ኮርድ አትዝለይ፣ ለጣትሽ ወደሚቀርበው ሂጂ።

ባለኪቦርድ ለንደን

እሰይ!! የመጀመሪያው ገጽ ሙዚቃ መሰለ። እጅህ ይባረክ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። የአልቶና የቴነር መስመር መነሻ ላይ ያለው ክሌፍ (የኖታውን ቦታ የሚነግረው ምልክት) የማላውቀው ነው፣ የበር ማጠፊያ ይመስላል። ሌላው፣ የቸርቹ ኦርጋን የእግር ፔዳል አለው። በእግሬ ምንም ነገር ተጫውቼ አላውቅም። መኪናም አልነዳም።

ሶልፌጅ

ክሌፉ የሲ ክሌፍ ነው። መሃሉ ያረፈበት መስመር መካከለኛው ሲ ነው። አልቶ ላይ 3ኛው መስመር፣ ቴነር ላይ 4ኛው፣ ከታች ስትቆጥሪ። አንቺ ግን ዘማሪዎቹ የት እንደደረሱ ለማየት ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ።

ፔዳሉን እርሺው። በግሪን ዘመን አብዛኛው የእንግሊዝ ኦርጋን ፔዳል አልነበረውም። የተጻፈው ለሁለት እጅ ነው። ጫማሽን አውልቀሽ ብትቀመጪም ማንም አያውቅም።

ስቶፖቹ ላይ፣ የኦርጋኑን ድምፅ የምትመርጪባቸው የሚሳቡ እጀታዎች ላይ ደግሞ ቁጥር ታያለሽ። አትደንግጪ፣ ያ ሌላ ነው። 8 ማለት የተጻፈው ኖታ በቦታው ይሰማል። 4 አንድ ኦክታቭ (ስምንት ኖታ) ወደ ላይ፣ 16 አንድ ኦክታቭ ወደ ታች። ለስለስ ያለ 8 ፍሉት ሳቢና በእሱ ጀምሪ።

ባለኪቦርድ ለንደን

እዚያም 6 እና 4 አለ እንዳትለኝ ብቻ።

እኔስ ምን ልበል

አንድ ነገር ልናገር፣ ቅር እንዳይልሽ። ለምን ይህን ያህል ትደክሚያለሽ? ግሪን እኮ በዘመኑ ለንደን የነበረው የትልቁ አቀናባሪ የሃንደል ጥላ ነው። የሃንደልን አንድ ነገር ተጫወቺ። ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ኖታውም ቀኝ እጅ ያለው በየቦታው ሞልቷል። ለቅሶ ላይ ማን ያጣራል?

ባለኪቦርድ ለንደን

ሴትዮዋ የመረጡት ይህን ነው። ኑዛዜ ነው እኮ።

ጋሽ አንባቢ

ጥላ? እንዲህማ አይባልም።

ሁለቱ መጀመሪያ ወዳጆች ነበሩ። ሃንደል የቅዱስ ጳውሎስን ኦርጋን መጫወት ይወድ ነበር። ያኔ መብራት ኃይል የለም፤ ኦርጋን እንዲጮህ ከኋላ ሆኖ ወናፍ የሚነፋ ሰው ያስፈልጋል። ግሪን ራሱ ወናፉን ይነፋለት ነበር ይባላል። የካቴድራሉ ባለቤት ለእንግዳው ወናፍ ሲነፋ አስቡት!

ኋላ ግሪን ከጣሊያናዊው አቀናባሪ ከቦኖንቺኒ ጋር ወዳጅነት ገጠመ። ቦኖንቺኒ የሃንደል ባላንጣ ነው። ሃንደልም ተቀየመ። በ1727 ዳግማዊ ጆርጅ ዘውድ ሲጭን የበዓሉን መዝሙሮች የጻፈው ሃንደል ነው። ለንጉሡ ጸሎት ቤት የሚጽፈው ግሪን ቁጭ ብሎ አየ። ከዚያ ደግሞ ግሪን በሙዚቃ ማኅበራቸው ውስጥ የቦኖንቺኒ ነው ብሎ ያቀረበው ሥራ የሌላ ጣሊያናዊ አቀናባሪ፣ የሎቲ ነው ተባለና በ1731 ጭቅጭቅ ተነሣ። ግሪን ተናዶ ማኅበሩን ጥሎ ወጣ። የራሱንም ስብስብ ሰይጣን በሚባል መጠጥ ቤት አቋቋመ። ሃንደል ምን አለ ይባላል? "ዶክተር ግሪን ወደ ሰይጣን ሄደ።"

ዝምታ ወርቅ

መጠጥ ቤቱ አሁንም ክፍት ነው?

ጋሽ አንባቢ

ድሮ ፈርሷል። ፍሊት ስትሪት ነበር።

አንድ ልጨምር። ይህ ሰው ጠብ ብቻ አልነበረውም። በ1738 ለተቸገሩ ሙዚቀኞችና ለቤተሰቦቻቸው መረዳጃ ካቋቋሙት አንዱ ነው። እድር በሉት። የድሮ የካቴድራል መዝሙሮችን ሰብስቦ ለማሳተምም ጀምሮ ነበር፣ ሳይጨርሰው ሞተ። ወረቀቱን ለተማሪው ለዊልያም ቦይስ ተወለት። ቦይስ ከ1760 እስከ 1773 በሦስት ቅጽ አወጣው። ግሪን መጀመሪያ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ሲፈርስ አጽሙ በ1888 ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ተዛውሮ ከቦይስ አጠገብ አረፈ።

ይሄ አንቺ የያዝሽው መዝሙር ደግሞ በጥር 1806 ኔልሰን ሲቀበር እዚያው ካቴድራል ተዘምሯል። በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ የሞተው የእንግሊዝ አድሚራል ኔልሰን። ስለዚህ ሴትዮዋ መምረጥ ያውቃሉ።

ሶፕራኖ ነኝ

ይህን መዝሙር እንግሊዝ አገር ኳየር ውስጥ ዘምሬዋለሁ። ቤዙ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይራመዳል፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት፣ አያቆምም። አንቺ ካመነታሽ ሁላችንም እንወድቃለን። ስለዚህ ቀኝ እጅሽ ቢሳሳት ግድ የለም፣ ግራ እጅሽ አይቁም። ኮርዱ ከጠፋሽ ቤዙን ብቻ ይዘሽ ሂጂ፣ ማንም ልብ አይልም።

መሃል ላይ ሁለት ሶፕራኖዎች ብቻቸውን የሚቀባበሉበት አለ፣ ሰው እንደ ጥላ ይመላለሳል፣ በከንቱ ይታወካል የሚለው ቦታ። እዚያ ድምፁን ቀንሺልን። እባክሽ። እኔ በቆምኩበት ቀን ተጫዋቹ ኦርጋኑን ሁሉ ከፍቶብን አፌ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የታየው።

ደግሞ ኦርጋን እንደ ኪቦርድ ሰስቴይን የለውም። ጣትሽን ስታነሺ ይሞታል። የሚቀጥለው ኮርድ እስኪመጣ አትልቀቂ።

ናቲ ቤዝ

ካስቸገረሽ ትራንስፖዝ የሚለውን፣ ኪውን የሚቀይረውን ቁልፍ ተጫኚው።

ሶልፌጅ

ናቲ፣ የመቶ ዓመት የቸርች ኦርጋን ላይ ትራንስፖዝ የሚል ቁልፍ ካገኘህ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።

ዝምታ ወርቅ

ኧረ እኔን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ዘማሪዎቹም ከ1743ቱ ነው የሚያነቡት? ከሆነ ዓይናቸውን ያብራላቸው። ካልሆነ አንዷን ደውለሽ ኮፒሽን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ አትያትም?

እኔስ ምን ልበል

አሁንም ሃንደል ነው የምለው።

የመሪጌታ ልጅ

በገና ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ፍጻሜን አስታውቀኝ ለሚል ቃል ከበገና የሚሻል ምን አለ?

ጋሽ አንባቢ

በገና ሌላ ነው። ይህ የተጻፈው ለአምስት ድምፅ ነው።

ሶልፌጅ

ቆይ ቆይ። ዝምታ ወርቅ ያለውን አየሽው? መጀመሪያ ማሰብ የነበረብን እሱን ነው። በዘመናችን እትሞች አዘጋጁ ቁጥሩን ፈትቶ የቀኝ እጁን ኖታ ሞልቶ ነው የሚያሳትመው። ዘማሪዎቹ የሚይዙት እንደዚያ ያለውን ሊሆን ይችላል፣ የኦርጋኑ መስመር ከታች አለ። ቶሎ ጠይቂ!

ባለኪቦርድ ለንደን
ዓርብ ጠዋት

አሁን ነው ያየሁት፣ ከበገናው በላይ ተቀብሮብኝ። ዝምታ ወርቅ፣ ስምህን ቀይር።

ሦስት ሰው ጠየቅኩ። አንዷ መለሰች። አዎ፣ እነሱ የሚይዙት አዲስ ኮፒ ነው፣ ለኦርጋንም ሁለት እጅ ሙሉ ተጽፏል። ግን ኮፒዎቹ ቸርች ካቢኔ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ቁልፉ ሆስፒታል ካሉት ሰውዬ ኪስ ውስጥ ነው። ሱሪያቸውን ሚስታቸው ወደ ቤት ወስደዋል። ሚስታቸው ስልክ አያነሡም።

ወደ ቁጥሩ ተመለስኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ነኝ። አንድ ቦታ ቁጥሩ ቀርቶ ታስቶ ሶሎ ይላል።

ሶልፌጅ

ደስ ይበልሽ። ቤዙን ብቻ ተጫወቺ ማለት ነው። ቀኝ እጅሽን አሳርፊው።

ባለኪቦርድ ለንደን

እስካሁን የወደድኩት እሱን ነው።

ናቲ ቤዝ
ቅዳሜ ማታ

እህቴ እንዴት ሆነ? ስድስተኛው ኮርድ ሠራ?

የመሪጌታ ልጅ
እሁድ

እህታችን፣ እንዴት ሆነላችሁ? ነፍስ ይማር።

ጋሽ አንባቢ
ሰኞ

ስለ ቁጥሩ እመጣበታለሁ ብዬ ነበር። ነገሩ የሚጀምረው ከጣሊያን ነው።