አረንጓዴው መብራት ላይ ተጣብቄ ቀረሁ

የመመረቂያ ጽሑፌ «ዘ ግሬት ጋትስቢ» ላይ ነው። የ1925ቱን ልብወለድ ከ1974ቱ የጃክ ክሌይተንና ከ2013ቱ የባዝ ሉርማን ፊልም ጋር አነጻጽራለሁ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

የያዝኩት አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ ባለጸጋው ጋትስቢ የሚያፈቅራት የዴይዚ ቤት ፊት ለፊት፣ የጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ የሚበራው አረንጓዴ መብራት። መጽሐፉ ውስጥ መጀመሪያ የምናየው ጋትስቢ በጨለማ እጁን ወደ ውሃው ማዶ ሲዘረጋ ነው። ምንነቱን ማንም አያስረዳንም። 5ኛው ምዕራፍ ላይ ግን ዴይዚ አጠገቡ ስትቆም መብራቱ ተራ መብራት ይሆናል። አስማቱ ይጠፋል። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚያመው ይሄ ነው።

ሁለቱንም ፊልሞች እያቆምኩ፣ ደቂቃ እየመዘገብኩ አየሁ። መብራቱ የታየበትን ሁሉ ቆጠርኩ። አማካሪዬ «ይሄ ቆጠራ እንጂ ትንተና አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በሉርማን ፊልም ደግሞ የታሪኩ ተራኪ ኒክ እየተረከ ስለሚያብራራ፣ ስሜቱ ከምስሉ ይምጣ ከድምፁ መለየት አቃተኝ። ድምፁን ዘግቼም ሞከርኩ። መጽሐፉን ስለማውቀው ጭንቅላቴ ራሱ ይተርክልኛል!

ፊልሞቹን ያያችሁ፦ የአስማቱ መጥፋት ያለ ተራኪ፣ በካሜራ ወይም በቀለም ብቻ የሚታይበት ትዕይንት የትኛው ነው?