ድኩላ የሰውን ጠረን እንዳያገኝ በየት በኩል ልቅረብ?

ጠያቂ (ከሰበታ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በመናገሻ ሱባ ደን የምኒልክ ድኩላን ፎቶግራፍ ለማንሳት ጎህ ሲቀድ ከላይኛው መንገድ ተነስቼ ድኩሎቹ ወደሚግጡበት ሸለቆ በዝግታ እወርዳለሁ፤ ነገር ግን ገና ሳላያቸው እንደ ውሻ ያለ ጩኸታቸው ይሰማና ቁጥቋጦው ውስጥ ይሰወራሉ። ሽቶ አልቀባም፣ ልብሴንም በወይራ ጭስ አጥናለሁ። አዳኞች ጠረናቸውን የሚደብቁበት ዘዴ ካለ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መላሽ 1፦
ወንድሜ፣ በፈቃድ በሚታደንባቸው የአርሲና የባሌ ደኖች ለአዳኞች መንገድ መሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከገለጹት እንደምረዳው ድኩሎቹን የሚያሸሻቸው የሚመጡበት አቅጣጫ ነው። ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ፀሐይ ዳገቱን እስክታሞቀው ድረስ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይፈስሳል፤ እርስዎ ከላይ ሲወርዱ ጠረንዎ ቀድሞዎት ይደርሳል። ስለዚህ በማለዳ ከታች ወደ ላይ ይቅረቡ፤ ዳገቱ ሲሞቅ አየሩ ሽቅብ ስለሚነሳ ያን ጊዜ ከእንስሳቱ በላይ ይሁኑ፤ አመሻሽ ላይ አየሩ ተመልሶ ይወርዳል። ሸለቆው በሚጠማዘዝበት ስፍራ ነፋሱ ስለሚዞር ጥቂት አመድ በስስ ጨርቅ ቋጥረው እያራገፉ የሚሄድበትን ይመልከቱ።

መላሽ 2፦
ስለ ጭሱ ልጨምር። የእነዚህ እንስሳት አፍንጫ የተደባለቁ ሽታዎችን ለያይቶ ስለሚያውቅ፣ የወይራው ጭስ በሰው ጠረን ላይ ሌላ ሽታ ይጨምራል እንጂ አይሸፍነውም። በቆዳችን ላይ ያሉ ባክቴሪያዎችም ላብን እየለወጡ ያለማቋረጥ ሽታ ስለሚፈጥሩ መታጠብ ጠረኑን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የሰሜን አሜሪካው ነጭ ጅራት አጋዘን የሰው ጠረን ሲደርሰው ብዙ ጊዜ በፊት እግሩ መሬቱን ይመታል፣ በአፍንጫው በኃይል ይተነፍሳል፣ ጅራቱንም አቁሞ ይሸሻል። ድኩላ ግን በቁጥቋጦ ውስጥ ደርቆ ሊቆም ስለሚችል ጸጥታው አልነቃም ማለት አይደለም።

መላሽ 3፦
እኔ የምኖረው ከደኑ አጠገብ ነው። ድኩሎቹ በተለመደው የእግር መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ጠረን ከሞላ ጎደል ለምደውታል፤ የሚያስበረግጋቸው ከመንገድ ወጥቶ በሚተኙበት ጥሻ የሚገባ ሰው ነው። እባክዎ ከጮኹ በኋላ አይከተሏቸው፤ በተለይ ግልገል ያላት እናት እንዳትበረግግ ቦታውን ለዕለቱ ይተዉላት።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰማዩ በደመና ሲሸፈንስ?

መላሽ 1፦
ያን ዕለት ዳገቱ እምብዛም ስለማይሞቅ ሽቅብ የሚነሳው አየር ደካማ ነው፤ አቅጣጫውን የሚወስነው የዕለቱ ነፋስ ይሆናል። አመዱን በየጥቂት እርምጃው ያራግፉ፤ ወደ ድኩሎቹ የሚሄድ ከሆነ ዞረው በሌላ ወገን ይግቡ።