በአይዲኢ ውስጥ የሚሠራው የጃቫ ፕሮግራሜ ከተርሚናል ሲነሣ «ክላሱ አልተገኘም» ይላል፤ ስሕተቱን ከየት ልፈልገው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ገቢና ወጪ የሚመዘግብ አነስተኛ የጃቫ ፕሮግራም ጽፌአለሁ። በአይዲኢው (ኮድ በምጽፍበትና በማስኬድበት ሶፍትዌር) ውስጥ ሳስኬደው ያለ አንዳች ችግር ይሠራል፤ ከተርሚናል ላይ ላስነሣው ስሞክር ግን በየሙከራው የተለየ ስሕተት ይገጥመኛል። የአንድ ችግር ሦስት መልኮች ይሁኑ ወይም ሦስት የተለያዩ ችግሮች መለየት ስላቃተኝ፣ ሁሉንም በደረሱብኝ ቅደም ተከተል አቀርባለሁ። የምጠቀመው ጃቫ 17 ነው።

በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ የምንጭ ኮዱ «ምንጭ» በሚባል፣ ኮምፓይል የተደረጉት (ጃቫ ወደሚያስኬደው መልክ የተቀየሩት) ክላሶች «ውጤት» በሚባል፣ የዳታቤዙ ድራይቨር (ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ላይብረሪ) ደግሞ «ላይብ» በሚባል ንዑስ ፎልደር ተቀምጠዋል። ዋናው ክላስ «ዋና»፣ ፓኬጁም «መዝገብ» ስለሆነ የክላስ ፋይሉ የሚገኘው «ውጤት/መዝገብ» ውስጥ ነው።

መጀመሪያ እዚያው «ውጤት/መዝገብ» ውስጥ ገብቼ «ጃቫ ዋና» ብዬ አዘዝኩ። ፋይሉ ዓይኔ ሥር ተቀምጦ ሳለ ዋናውን ክላስ ማግኘት ወይም መጫን አልተቻለም የሚል መልስ መጣ፤ ከሥሩም ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ ኤረር የሚል፣ «የተሳሳተ ስም» የሚል ሐረግ የተጨመረበት መስመር ነበር።

ቀጥሎ ሁሉንም ክላሶች በአንድ ጃር (የክላሶች ጥቅል ፋይል) ጠቅልዬ «ጃቫ -ሲፒ ላይብ/ድራይቨር.ጃር -ጃር መዝገብ.ጃር» አልኩ። ፕሮግራሙ ተነሣ፤ ዳታቤዙን ሊከፍት ሲል ግን በክላስ ኖት ፋውንድ ኤክሴፕሽን ቆመ። የጠፋው ክላስ የድራይቨሩ ነው። ክላስፓዝ (ጃቫ ክላሶችን የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር፤ «-ሲፒ»ም የሚሰጠው ይህንኑ ነው) የተባለውን የሲስተም ተለዋዋጭ ወደ ድራይቨሩ እንዲያመለክት ባስተካክልም ምንም ለውጥ አላየሁም።

በመጨረሻ ዳታቤዝ የማይነካውን የሪፖርት ክፍል ለብቻው ከሌላ ፎልደር ሆኜ ሳስኬደው እንደገና ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ ኤረር መጣ፤ መልእክቱ ግን «መዝገብ.ቅንብር የተባለውን ክላስ ማስጀመር አልተቻለም» የሚል ነው። ጃሩን በ«ጃር ቲኤፍ» ዘርዝሬ ስመለከት «መዝገብ/ቅንብር» በውስጡ አለ። ያለ ነገር እንዴት አልተገኘም ይባላል?

መልስ፦ አንደኛ መላሽ

ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። መልእክቶቹን ሳያሳጥሩ ማቅረብዎ ትልቅ እገዛ ነው፤ ብዙ ጠያቂ የኤረሩን ስም ብቻ ጽፎ የሚቀጥለውን መስመር ይተወዋል፣ መልሱ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በተተወው መስመር ላይ ነው። እኔ በሁለቱ ላይ እመልሳለሁ።

ጃቫ «ዋና» የሚባል ክላስ አያውቅም፤ የሚያውቀው «መዝገብ.ዋና» የሚባለውን ነው። ፓኬጁ የክላሱ ስም አካል እንጂ ከጎን የተለጠፈ መለያ አይደለም። እርስዎ ፎልደሩ ውስጥ ገብተው «ዋና»ን ሲጠሩ ጄቪኤሙ (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው የጃቫ ማሽን) በዚያ ስም የተሰየመ ፋይል አገኘና ከፈተው፤ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው ስም ግን «መዝገብ/ዋና» ሆነበት። የተጠራው ስምና የተገኘው ስም ስላልተስማሙ «የተሳሳተ ስም» አለ። ስለዚህ ክላስፓዙ ማመልከት ያለበት ክላሱ ወዳለበት ፎልደር ሳይሆን የፓኬጁ ፎልደር ወደሚጀምርበት ሥር ነው። ከፕሮጀክቱ ፎልደር ሆነው «ጃቫ -ሲፒ ውጤት መዝገብ.ዋና» ይበሉ። በስሙ መጨረሻ «.ክላስ» የሚለውን አይጨምሩ፤ ከጨመሩ ጃቫ «መዝገብ.ዋና» የሚባል ፓኬጅ ውስጥ «ክላስ» የሚባል ክላስ መፈለግ ይጀምራል።

ሁለተኛው ችግር ብዙዎችን የሚያሰናክል ነው። «-ጃር» ከተጻፈ ጃቫ «-ሲፒ»ንም ሆነ የሲስተሙን ተለዋዋጭ ጨርሶ አይመለከትም፤ የክላስፓዙ ምንጭ ያ አንዱ ጃር ብቻ ይሆናል። ማስጠንቀቂያም አይሰጥም፤ የጻፉትን አማራጭ በዝምታ ይተወዋል። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው «-ጃር»ን ትቶ «ጃቫ -ሲፒ መዝገብ.ጃር:ላይብ/ድራይቨር.ጃር መዝገብ.ዋና» ማለት ነው፤ መለያው በሊኑክስና በማክ «:»፣ በዊንዶውስ «;» መሆኑን አይርሱ። ሌላው በጃሩ ማኒፌስት (ጃሩ ውስጥ ባለው የመግለጫ ፋይል) ውስጥ ክላስ-ፓዝ የሚለውን መስመር ማስገባት ነው። እዚያ ጃሮቹ የሚለያዩት በባዶ ቦታ ነው፤ አድራሻቸውም የሚቆጠረው እርስዎ ከቆሙበት ፎልደር ሳይሆን ጃሩ ራሱ ካለበት ቦታ ተነሥቶ ነው። የማኒፌስቱ የመጨረሻ መስመር በአዲስ መስመር ምልክት ካልተዘጋ ያ መስመር ሳይነበብ ሊቀር ስለሚችል፣ ጃሩን ከጠቀለሉ በኋላ ማኒፌስቱን መልሰው አውጥተው ቢያዩት መልካም ነው። ድራይቨሩን ጃርነቱን ሳይለውጡ በዋናው ጃር ሆድ ውስጥ መክተት ግን አይጠቅምም፤ መደበኛው ክላስሎደር (ክላሶችን የሚጭነው የጃቫ ክፍል) በጃር ውስጥ ያለን ጃር ከፍቶ አያነብም።

የሲስተሙን ተለዋዋጭ ደግሞ ባዶ ቢያደርጉት እመክራለሁ። ተለዋዋጩ ካልተሞላና «-ሲፒ» ካልተሰጠ ጃቫ አሁን ያሉበትን ፎልደር በራሱ ይመለከታል፤ ከተሞላ ግን ያሉበትን ፎልደር የምታመለክተውን ነጥብ («.») ጨምረው ካልጻፉ በስተቀር ያን ፎልደር ይተወዋል። ዛሬ ያስተካከሉት ተለዋዋጭ ከወራት በኋላ፣ ረስተውት ሳለ፣ ሌላ ፕሮግራም ያበላሽብዎታል።

«ላይብ» ውስጥ ጃሮቹ ሲበዙ «ላይብ/*» ማለት ይችላሉ። ኮከቡ በዚያ ፎልደር ያሉትን ጃሮች ብቻ ይሰበስባል፤ ወደ ንዑስ ፎልደር አይወርድም፣ የክላስ ፋይሎችንም አያካትትም። በሊኑክስ ላይ ብቻውን ሲጽፉት በትእምርተ ጥቅስ ይክበቡት። ካልከበቡት ሼሉ (ትእዛዝዎን የሚቀበለው የተርሚናሉ ፕሮግራም) ቀድሞ ይዘረዝረውና ጃቫ የመጀመሪያውን ጃር ክላስፓዝ፣ ሁለተኛውን ደግሞ የዋና ክላስ ስም አድርጎ ይወስደዋል፤ «ላይብ.ድራይቨር.ጃር የሚባል ዋና ክላስ አልተገኘም» የሚል ግራ የሚያጋባ መልእክት ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው።

መልስ፦ ሁለተኛ መላሽ

ሦስተኛውን ልውሰድ፤ ክላስፓዙ በሌለበት ጥፋት የሚከሰሰው እዚህ ላይ ነውና።

ክላስ ኖት ፋውንድ ኤክሴፕሽን የሚመጣው ኮዱ ራሱ አንድን ክላስ በስሙ ጠርቶ እንዲጫን ሲጠይቅና ሲያጣው ነው፤ የእርስዎ ፕሮግራም ድራይቨሩን በ«ክላስ.ፎርኔም» እንደጠራው ማለት ነው። ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ ኤረር ግን የጄቪኤሙ የራሱ ድምፅ ነው፤ ኮምፓይል ሲደረግ የነበረ ክላስ በማስኬጃው ጊዜ ሲጠፋበት ይሰማል። ይኸው ኤረር ግን ሌላም ትርጉም አለው፤ «ማስጀመር አልተቻለም» የሚለው ሐረግ ካለበት ክላሱ ተገኝቷል፣ ተጭኗልም፣ የወደቀው ስታቲክ ክፍሉ (ክላሱ ሲጀምር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራው ኮድ) ሲሠራ ነው።

ሂደቱ እንዲህ ነው። «ቅንብር» ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ ሲውል ጄቪኤሙ ስታቲክ ተለዋዋጮቹንና ስታቲክ ብሎኩን ያስኬዳል። በዚያ መካከል ኤክሴፕሽን ከተነሣ ኤክሴፕሽን ኢን ኢኒሺያላይዘር ኤረር ይወረወራል፤ እውነተኛው ምክንያት በውስጡ አለ። ክላሱም ከዚያ በኋላ እንደተበላሸ ይቆጠራል፤ ጄቪኤሙ ዳግመኛ ሊያስጀምረው አይሞክርም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና መቶኛው ጥሪ የሚያገኙት ያን ደረቅ ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ ኤረር ነው። እርስዎ የሚያዩት ሁለተኛውን ጥሪ ይመስለኛል። የመጀመሪያውን አንድ ቦታ ላይ «ካች» አድርጎ የዋጠው ኮድ አለ፤ «ትሮወብል»ን (የኤረሮችና የኤክሴፕሽኖች ሁሉ የጋራ ዓይነት) ይዞ ምንም ሳያትም የሚያልፍ መስመር ይፈልጉ። ሎግ ካለዎት ደግሞ ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው ያንብቡት።

ለምን በአይዲኢው ውስጥ አልወደቀም ለሚለው፣ ግምቴን ልናገር። «ቅንብር» የሚለው ስም የቅንብር ፋይል የሚያነብ ክላስ ያስመስለዋል። ፋይሉን በአንጻራዊ አድራሻ የሚከፍቱት ከሆነ አድራሻው የሚቆጠረው ፕሮግራሙ ከተነሣበት ፎልደር ነው፤ አይዲኢዎች አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮጀክቱ ሥር ያስነሡታል፣ እርስዎ ግን ከሌላ ፎልደር ሆነው አስነሥተውታል። ፋይሉ የፕሮግራሙ አካል ከሆነ ከክላሶቹ ጋር በጃሩ ውስጥ አስገብተው በ«ጌት ሪሶርስ አዝ ስትሪም» ያንብቡት። በዚህ ጊዜ አንድ ጥቃቅን ነገር ይጠንቀቁ። በክላሱ በኩል ሲጠሩት በስላሽ የሚጀምር ስም ከክላስፓዙ ሥር ይፈለጋል፣ ያለ ስላሽ የተጻፈው ግን ከክላሱ ፓኬጅ ውስጥ ነው፤ በክላስሎደሩ በኩል ሲጠሩት ደግሞ ከመነሻው ስላሽ አይደረግም። ካልተገኘ ኤክሴፕሽን ሳይወረውር ባዶ፣ ማለትም «ነል» ይመልሳል፤ ስለዚህ ጥፋቱ ቆይቶ በሌላ መስመር ላይ ነል ፖይንተር ኤክሴፕሽን ሆኖ ይታያል። የተመለሰውን ወዲያው መፈተሽና የፋይሉን ስም የያዘ ግልጽ መልእክት መወርወር ብዙ ሰዓት ያድናል።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ወዲያውኑ ተፈታ። ለሁለተኛው የማኒፌስቱን መንገድ መረጥኩ፤ አውጥቼ ሳየው በእርግጥም የመጨረሻው መስመር አልገባም ነበር፣ አንድ ባዶ መስመር ጨምሬ እንደገና ጠቀለልኩት።

ሦስተኛውም እንደተባለው ሆነ። የሪፖርቱ ክፍል ሲጀምር ቀኑን በምን መልክ እንደሚያትም «ቅንብር»ን ይጠይቃል፤ ጥሪው በ«ትራይ» ውስጥ ነበር፣ ካቹም ባዶ ነበር። በካቹ ውስጥ የኤረሩን ዝርዝር የሚያትም አንድ መስመር ስጨምር «ቅንብር.ፕሮፐርቲስ» የተባለው ፋይል አለመገኘቱን የሚናገር መልእክት ከነሙሉ ምክንያቱ ወጣ። ፋይሉን ወደ ጃሩ አስገብቼ አነባበቡን ቀየርኩ፤ አሁን ከየትኛውም ፎልደር ይነሣል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ይህንኑ ጃር በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሳስነሣው አንሰፖርትድ ክላስ ቨርዥን ኤረር ይላል፤ መልእክቱ ውስጥ 61.0 እና 55.0 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። እነዚህ ቁጥሮች ምን ያመለክታሉ?

መልስ፦ ሦስተኛ መላሽ

እያንዳንዱ የክላስ ፋይል የቅርጹን ቨርዥን በራስጌው ላይ ይዞ ይሄዳል። 52 ጃቫ 8ን፣ 55 ጃቫ 11ን፣ 61 ጃቫ 17ን፣ 65 ጃቫ 21ን ያመለክታል፤ ከቁጥሩ ላይ 44 ቢቀንሱ የጃቫውን ቨርዥን ያገኛሉ። ስለዚህ መልእክቱ የሚለው በጃቫ 17 ኮምፓይል ያደረጉትን ፋይል ጃቫ 11 ሊያነበው አለመቻሉን ነው። ወይ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ጃቫ 17ን ይጫኑ፣ ወይም ኮምፓይለሩን «ጃቫሲ»ን «--ሪሊዝ 11» ከሚለው አማራጭ ጋር ያስኬዱ። የቆዩትን «-ሶርስ» እና «-ታርጌት» አይጠቀሙ፤ እነሱ የፋይሉን ቁጥር ዝቅ ቢያደርጉም በጃቫ 11 ውስጥ የሌለ ሜተድ መጥራትዎን አይከለክሉም፣ «--ሪሊዝ» ግን እዚያው ኮምፓይል ሲደረግ ያስቆምዎታል።

ክላሶችዎን በአማርኛ መሰየምዎን አይቻለሁ። ጃቫ ይህን ይፈቅዳል፤ የግዕዝ ፊደላት በስም ውስጥ ሕጋዊ ናቸው። ሆኖም ከጃቫ 18 በፊት ኮምፓይለሩ የምንጭ ፋይሉን የሚያነበው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ባስቀመጠው ኢንኮዲንግ ስለነበር፣ በ17 ላይ እስካሉ ድረስ «-ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን አብረው ይጻፉ። የፎልደሩና የፓኬጁ ስም በፊደል ደረጃ አንድ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ «ሐ» እና «ሀ»፣ «ሠ» እና «ሰ» በንባብ ቢመሳሰሉም ለጄቪኤሙ የተለያዩ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ላይብረሪ ሲጨምሩ የሚጠቅምዎትን አንድ መሣሪያ ልጥቀስ። አንድ ጊዜ ኖ ሳች ሜተድ ኤረር ገጥሞኝ ሁለት ቀን ሙሉ የምንጭ ኮዱን ሳገላብጥ ቆየሁ፤ ሜተዱ በላይብረሪው ውስጥ እንዳለ ዓይኔ እያየ ነበር። በመጨረሻ ፕሮግራሙን በ«-ቨርቦስ:ክላስ» አስነሣሁትና ከሚፈሰው ረጅም ዝርዝር ውስጥ የዚያን ክላስ ስም ፈለግኩ። በመስመሩ ጫፍ ላይ የተጫነበት ጃር አድራሻ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ካሰብኩት ጃር ሳይሆን እዚያው ፎልደር ውስጥ ተረስቶ ከቀረ የቆየ ቅጂ ነበር የተጫነው። ክላሱ በሁለት ጃሮች ውስጥ ካለ የሚያሸንፈው በክላስፓዙ ላይ የቀደመው ነው፤ በኮከብ ሲሰበሰቡ ደግሞ የትኛው እንደሚቀድም ዋስትና የለም። ለዚህ ነው አንድ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ የሚወድቀው። እኔ አሁን «የት ጠፋ» ከማለቴ በፊት «ከየት ተጫነ» ብዬ እጠይቃለሁ።

የጠያቂው ምላሽ

በ«--ሪሊዝ 11» እንደገና ኮምፓይል አደረግኩት፤ በሁለተኛው ኮምፒውተር ላይም ተነሣ። በ«-ቨርቦስ:ክላስ» ሳየው የድራይቨሩ ክላስ የተጫነው ማኒፌስቱ ከሚያመለክተው «ላይብ/ድራይቨር.ጃር» ነው፤ «ቅንብር»ም ከዋናው ጃር ነው። ባዶ ካቾቹን ደግሞ በሙሉ ኮዱ ውስጥ ፈልጌ አራት ተጨማሪ አገኘሁ፤ ሁሉም አሁን ስሕተቱን ከነዝርዝሩ ያትማሉ።